ሰማንያ

ትናንት ማታ ነው፤ ዝናቡ የአንኩድን ቆርቆሮ ሲቀጠቅጥ፣
ሰው ሁሉ ከላቦራቶሪው ወጥቶ እኔ ብቻዬን ስቀመጥ፣
ማሽኑ ጠየቀኝ በጨዋ ደንብ፣ በለሰለሰ ቃል፦
«አዲስ የፓይተን ስሪት ወጥቷል፤ አሁን ላሻሽል?» ይላል።
አዎ አልኩ። አዲስ ማን ይጠላል?
ማቴዬን ሞልቼ ስመለስ ስክሪኑ ደም መስሏል።

ቀይ፣ በቀይ ላይ ቀይ፣ እየተንከባለለ የሚወርድ ጽሑፍ፣
አንዱ ሌላውን ሲከስ፣ ሌላው በሌላው ሲለጥፍ፤
«መጫን አልተቻለም።» «ግንባታው ከሽፏል።»
«ስህተቱ የእኔ አይደለም፣ ከሥር ካለው ጥቅል መጥቷል።»
የመንግሥት ቢሮ መስኮት ይመስል፦ ይህ የኛ ክፍል አይደለም፤
ጥያቄሽን ወደዚያ ውሰጂ። እዚያ ደግሞ ማንም የለም።

የቆጡን ሳወርድ የብብቴ ወደቀ።

እዚህ ደሴት ላይ፣ ቺሎዌ፣ ሰው ከባሕር ጋር በውል ነው የሚኖር፤
ቾሪቶ የሚሉት ጥቁር ዛጎል ነው ጓዳውም፣ ብድሩም፣ የልጅ ደብተር።
ቀይ ማዕበል ሲመጣ ግን ውኃው ቀይም ማዕበልም ላይሆን ይችላል፤
ዛጎሉ ያው ዛጎል፣ ጣዕሙ ያው ጣዕም፤ መጀመሪያ ከንፈር ይደነዝዛል፣
ከዚያ እጅ፣
ከዚያ ትንፋሽ።
በመቶ ግራም ሥጋ ሰማንያ ማይክሮግራም መርዝ፣ ወሰኑ ይኸ ነው፤
ባሕርና ሰው የተፈራረሙት ሰማንያ ይኸው ነው።

ያን ቁጥር የሚያሰላልን የዶክተር ቶሪቢዮ ጥቅል ነበር፤
ጽፎት ጡረታ ወጣ፤ አሁን ቫልዲቪያ ንብ አናቢ ሆኗል።
አሥራ አንድ ጀልባ ጠዋት ይጠብቃል። ዶን ኤላዲዮ ካይዋንቴ
ሁልጊዜ ቀድሞ ይመጣል፤ በር አያንኳኳም፣ ያስላል።

የቆየውን ትርፍራፊ ጠረግሁ። ጫኚውን ራሱን አሻሻልኩ።
ኮምፓይለር የለም አለኝ፤ አመጣሁለት። ደግሜ ጫንኩ።
ያው ቀይ።
አንዱን ጥቅል ስለምነው ሌላውን ይጠራል፣ ያም የራሱን ጥገኛ፤
ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ሆነ፤ እሱ አልጫን አለ፣ እኔም አልተኛ።

በመጨረሻ፣ እናቴ የተወሳሰበ መረብ ስትፈታ እንደምታደርገው፣
ጫፉን ትቼ ወደ ላይ ወጣሁ፣ ጩኸት ወዳልነበረበት።
እዚያ፣ ሁለት መቶ መስመር ከፍ ብሎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፦
«ዲስትዩቲልስ የሚባል ሞጁል የለም።»
በቃ።
ለዓመታት በር ላይ ቆሞ ዕቃ ሲያስገባ የኖረ ዘበኛ፤
አዲሱ ስሪት አሰናብቶታል፣ ጥቅሉ ግን ዛሬም እሱን ይጣራል።
ማንም አልነገረኝም፣ ልል አፌን ከፈትኩ።
ነግረውኛል። ሦስት ዓመት ሙሉ በቢጫ ፊደል
«ይህ በቅርቡ ይቀራል» ሲሉኝ፣ በአንድ ጣት ስዘጋ ኖርኩ።

ለቶሪቢዮ ደወልኩ። አልተቆጣም። እንቅልፍ ባልለቀቀው ድምፅ፦
«ኤዱቪሂስ፣ ሽማግሌን ከአዲስ ሙሽሮች ጋር አታሳድሪ፤
የድሮውን ስሪት ፈልጊ፣ ለብቻቸው ጎጆ ቀልሺላቸው።
ጥቅሉን እኔ አድሰዋለሁ፣ ክረምት ሲገባ፣ ንቦቹ ሲተኙ።»

ጎጆ ቀለስኩ። በጓሮ በኩል፣ ጠባብ፣ አንድ ማኅደር የምታህል፤
አሮጌ ከአሮጌው ተገናኘ። ጫኚው ሥራውን ጨረሰ፣
እንኳን ደስ አለሽ እንኳ ሳይል።

ጎህ ሲቀድ ቁጥሩ ወጣ፦ መቶ አሥራ ሦስት።
ከበሩ ውጭ ሳል።
«ማሽንሽ ተበላሸ ሲሉ ሰማሁ» አለ ዶን ኤላዲዮ፤ ኮፍያው ዝናብ ያንጠባጥባል።
«ተጠገነ።»
«ታዲያስ?»
ወረቀቱን ሰጠሁት። ባሕሩ ሰማንያውን ቀዶታል።
ሳይጠገን ቢቀር ይሻለው ነበር፤ ከዓይኑ አየሁት።

ጀልባዎቹ ሞተራቸውን አንድ በአንድ አጠፉ።
ተመልሼ ተቀመጥኩ። ከቁጥሩ ሥር አንዲት ቢጫ መስመር አለች፤
አነበብኳት።